ስለ ፎቶግራፍ ማንሻ ዘንግ፤ ጠንቃቃ ሰው በግዴለሽ ምክንያት ነጻነቱን ሊያጣ ይገባዋልን?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገሩ በባሕር ማዶ ባሉት ታላላቅ የመዝናኛ ሥፍራዎች ውስጥ ፈረንጆች ሰልፊ ስቲክ የሚሉት፣ ሰው ራሱን በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ዘንግ ስለ መከልከሉ ነውና። ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ፍርድ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ አንድ ዘንግ ማተት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕግ ለማን እንደ ተሠራና ማን ሊያስፈጽመው እንደሚገባ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ትልቁን ነገር ብቻ መመልከት አያስፈልገውም። ነፍስ መግደልንና ስርቆትን ስለሚከለክለው ሕግ ማንም አይከራከርም፤ ሁሉም የሚስማማበት ስለ ሆነ መሠረቱን የሚመረምር ጥቂት ነው። ማንንም ሊጎዳ ያላሰበ ሰው በእጁ የያዘውን ትንሽ ዕቃ በደጅ አስቀምጠህ ግባ በተባለ ጊዜ ግን፣ ወዲያው «በምን ምክንያት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ዘንጉ ምን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ እንናገር፤ የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዘንጉ አንዱ ክፍል በሌላው ክፍል ውስጥ እየገባ የሚያጥር፣ ሲስቡት ደግሞ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀላል ብረት ነው። በጫፉ የእጅ ስልክ ይታሠርበታል፤ ባለቤቱም ሌላውን ጫፍ ይዞ ራሱንና በስተኋላው ያለውን ሁሉ ያነሣበታል። አስቀድሞ ያሰበው ሚኖልታ በሚባለው የካሜራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሂሮሺ ኡዬዳ የተባለ ጃፓናዊ ነው። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፣ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሉቭር በሚባለው ቤተ መዘክር ሳለ፣ ፎቶግራፍ እንዲያነሣቸው አንድ ልጅ ለምኖ ካሜራውን ሰጠው፤ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ጊዜ ግን ልጁ ካሜራውን ይዞ ሮጠ። ከዚህ በኋላ ኡዬዳ የሌላ ሰው እጅ የማያስፈልገው መሣሪያ አሰበ፤ በ1983 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። በዚያ ዘመን ግን የፈለገው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ነገሩ ተረሳ። ኋላ የእጅ ስልክ ሁሉ ካሜራ ያለው በሆነ ጊዜ ዘንጉ በዓለም ሁሉ ተበተነ፤ ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔትም በ2014 ዓ.ም. ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች መካከል ቈጠረው።

በምስጋናው ማግሥት ክልከላው ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር፣ በዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶንያን ቤተ መዘክሮች፣ በፈረንሳይም የቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ ዘንጉን ይዞ መግባትን ከለከሉ። እነዚህ የፈሩት ለጥንት ሥዕልና ለሐውልት ነው። ከዚያ በኋላ ለሰው አካል የፈሩት ተነሡ። ዲስኒ የሚባለው ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በፍሎሪዳ የከፈታቸው ሰፋፊ የመዝናኛ ሥፍራዎች አሉት፤ በሌሎችም አገሮች እንዲሁ። በእነዚህ ሥፍራዎች የነበረው የመጀመሪያው ደንብ የላላ ነበር። በሚሮጡት ባቡሮች ላይ ዘንጉን ማውጣት የተከለከለ ሲሆን፣ በአደባባዩና በመንገዱ ላይ ግን ማንም አይከለከልም ነበር፤ በባቡሩ ላይ ያወጣውንም ሰው ሠራተኞቹ በቃል ያስጠነቅቁት ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ሳምንት በካሊፎርኒያው ሥፍራ አንድ ተሳፋሪ በሚሮጥ ባቡር ላይ ሳለ ዘንጉን ስላወጣ ባቡሩ እንዲቆም ተደረገ፤ ለአንድ ሰዓት ያህልም ተዘግቶ ቈየ። በሰኔ 30 ቀን በሁለቱ የአሜሪካ ሥፍራዎች፣ በማግሥቱም በፓሪስና በሆንግ ኮንግ ባሉት፣ ዘንጉ ከደጅ ጀምሮ ፈጽሞ ተከለከለ። ጠባቂዎቹ በመግቢያው ቦርሳ ሲፈትሹ ዘንግ ያገኙበትን ሰው፣ ወይ ወደ መኪናው ወይም ወደ ማረፊያው እንዲመልሰው፣ ወይም ያለ ምንም ክፍያ በአደራ አስቀምጦ ሲወጣ እንዲወስደው ያዝዙታል።

የአደጋውን ምንነት ያላወቀ ሰው የክልከላውን ምክንያት ሊያውቅ አይችልምና፣ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። በእነዚህ ሥፍራዎች ያሉት ባቡሮች መንገደኛ የሚያደርሱ አይደሉም፤ ሰው በፍርሃትና በሳቅ መካከል ሆኖ ጥቂት ደቂቃ እንዲደሰት ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚወረወሩ፣ አንዳንዶቹም ተሳፋሪውን ቍልቍል የሚገለብጡ ናቸው። ያ የቆመው ባቡር፣ በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ ስክሪሚን ይባል የነበረውና በ2018 ዓ.ም. ታድሶ ስሙ የተለወጠው፣ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ይህም በአንድ ሰኮንድ ከ24 ሜትር በላይ ማለት ነው። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን መንገድ ሲነድፉ፣ በወንበሩ የተቀመጠ ሰው እጁን ወደ ላይም ወደ ጎንም ቢዘረጋ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድመው ይለካሉ፤ በዚያም ልክ ምሰሶም ሆነ ሌላ ብረት እንዳይገባበት ባዶ ቦታ ይተዋሉ። እንግዲህ የተሳፋሪው ደኅንነት የተለካው ከፈጣሪው በተሰጠው ክንድ ልክ ነው። የአንድ ሜትር ዘንግ የዘረጋ ሰው ግን ማንም ያልለካውን ክንድ በራሱ ላይ ጨመረ። ዘንጉ ከምሰሶ ጋራ ቢጋጭ ወይም ከእጁ ቢያመልጥ፣ የሚመታው ሰው ከኋላው የተቀመጠው ምንም የማያውቅ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይህም ባዶ ስጋት አይደለም፤ ዘንጉ ገና ሳይስፋፋ በ2011 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ ባለው የዩኒቨርሳል መዝናኛ፣ በሚሮጥ ባቡር ላይ ተሳፍሮ የነበረ አንድ ሰው በአየር የተወረወረ ዕቃ መትቶት ዐይኑ ጠፍቷል።

ክልከላውን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር በሦስት ይከፈላል። ሦስቱም ከቅን ሰው አፍ ሊወጡ የሚችሉ ስለ ሆኑ በየተራቸው ልንሰማቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «ዘንጉ ምን አጠፋ?» የሚል ነው። ያጠፋው እጅ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም፤ እጅን መቅጣት ትቶ ዕቃን መከልከል አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ግዑዝ ነገር ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ሕግ የሚመለከተው የዕቃውን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በየትኛው ቦታ፣ በምን ያህል ሕዝብ መካከል እንደሚገኝም ያያል። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ የሞተ እንደ ሆነ የደሙ ዕዳ በቤቱ እንዳይሆን። ሰገነት ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ የሚወጣበትም ሁሉ ግዴለሽ ሆኖ አይደለም። ቤቱ እንግዳ የሚገባበት ስለ ሆነ፣ የእንግዳው ሕይወት አደራ በባለቤቱ ላይ አለ። ደጁን ከፍቶ ገንዘብ ተቀብሎ ብዙ ሺህ ሰው የሚያስገባ ባለቤትማ ይህ አደራ እንዴት አይከብደውም? እንግዲህ ባለ መዝናኛው ዘንጉን በደጅ ማስቀረቱ በሰገነቱ ላይ መከታ መሥራቱ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይልቅ የጠለቀ ነው። ጠንቃቃው ሰው እንዲህ ይላል፦ «እኔ በባቡር ላይ ዘንጌን አላወጣም። ከልጆቼ ጋራ በአደባባዩ ላይ ቆሜ አንድ ፎቶግራፍ ላነሣ ብቻ ነበር ያመጣሁት። ሌላው ባጠፋው እኔ ስለ ምን እከለከላለሁ?» ለዚህ ሰው ምንም አልተወሰደብህም ብሎ መመለስ ሐሰት ነው። ተወስዶበታል። ትንሽ ብትሆንም የራሱ የነበረች ነጻነት ሳያጠፋ ተወስዳበታለች፤ ይህን የማያምን ሕግ አውጪ ነገ ከዚህ የሚበልጠውን ሲወስድም አይታወቀውም።

ነገር ግን ሌላ መንገድ ነበረን? በደጁ ላይ የቆመው ጠባቂ ብዙ ሺህ ሰው ሲያሳልፍ፣ ማን ጠንቃቃ ማን ግዴለሽ እንደ ሆነ በፊቱ አይቶ ሊለይ አይችልም፤ የሰውን ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጠባቂው ይህን እለያለሁ ቢል መልክና ልብስ አይቶ ለመፍረድ ይገደዳል፤ ያም ከክልከላው የከፋ በደል ይሆናል። ሰውን በየሥራው እየለዩ ለመፍረድ የተሞከረው ቀድሞ በነበረው በላላው ደንብ ነው። ደንቡ «በባቡር ላይ ብቻ ተው፣ በሌላው ቦታ እንደ ፈቀድህ» ብሎ እያንዳንዱን ሰው በራሱ ላይ ዳኛ አድርጎ ሾሞት ነበር። ሹመቱን ያፈረሱት ከባቡሩ ላይ ዘንጋቸውን የመዘዙት ናቸው። ያ በባቡሩ ላይ የነበረ ሰው የፈለገው የአንድ ደቂቃ ምስል ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን አንድ ሰዓት የተዘጋባቸው ሌሎች ናቸው፤ ከዚያም ወዲህ በየደጁ ቦርሳው የሚፈተሸው ሁሉ ይከፍላል።

ከዚህ የምንማረው፣ የማኅበር ነጻነት የሁሉ የጋራ ገንዘብ መሆኑን ነው። አንዱ ከድርሻው በላይ ቢያባክን የሁሉም ይጎድላል። ሰው «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ማንን ነካሁ?» ሲል፣ የላላው ሕግ ጸንቶ የሚኖረው እርሱ በመታገሡ መሆኑን ይዘነጋል። እያንዳንዱ ራሱን ቢከለክል ኖሮ የሚከለክል ደጅ ጠባቂ ባላስፈለገ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋው ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈ ጊዜ ያጋጠመው ጥያቄ ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። ጣዖት ከንቱ መሆኑን ያወቀ ሰው ከዚያ ሥጋ ቢበላ መብሉ በራሱ አያረክሰውም፤ ሐዋርያውም ይህን ዕውቀት አልነቀፈም። ነገር ግን ያ መብል ደካማውን ወንድም የሚያሰናክል ከሆነ፣ የተፈቀደውን እንኳ መተው እንደሚሻል አስተማረ። እርግጥ ነው፣ በዚህ መካከል ልዩነት አለ፤ ጳውሎስ ያስተማረው በፈቃድ መተውን ነው፣ በመዝናኛው ደጅ ያለው ግን ግዴታ ነው። ልዩነቱን መሰወር አይገባም። ነገር ግን ግዴታው የመጣው ፈቃዱ ከጠፋ በኋላ መሆኑንም ልብ ማድረግ ይገባል። ፍቅር በፈቃዱ ሊያደርገው ይገባው የነበረውን ሥራ ሲተወው፣ ሕግ በግድ ይሠራዋል። ጠንቃቃው ሰውም ግዴታውን ወደ ፈቃድ ሊለውጠው ይችላል፤ ዘንጉን በደጅ ሲያስቀምጥ «ቀሙኝ» ከማለት ይልቅ «ከኋላዬ ለሚቀመጠው ሰው ሰጠሁ» ቢል፣ ያው አንዱ ሥራ በነፍሱ ላይ ሌላ ፍሬ ያፈራል።

ሦስተኛው ክርክር የጥርጣሬ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች በየሥፍራው ፎቶግራፍ አንሺ አቁመው ምስል ለእንግዳ ይሸጣሉና፣ ክልከላው ለደኅንነት ሳይሆን ለገበያ ነው የሚሉ አሉ። የነጋዴ ልብ ብዙ ጊዜ ሁለት አሳብ እንደሚይዝ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ሕግ የሚመረመረው በሥራው ነው። የመጣው እንግዳ በእጁ ባለው ስልክ የፈለገውን ያህል እንዲያነሣ እስከ ተፈቀደለት ድረስ፣ የተከለከለው ምስሉ ሳይሆን ርዝመቱ ነው ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ጥርጣሬው አንድ መልካም ጥቅም አለው፤ ሕግ አስፈጻሚውን በትክክል እንዲሄድ ያስገድደዋል።

ይህም ወደ አፈጻጸሙ ያደርሰናል፤ ሕግን ማውጣት ቀላል ነው፣ ችግሩ ያለው በማስፈጸሙ ነውና። ተነግሮ የማይፈጸም ሕግ ካልተነገረ ይብሳል። ምክንያቱም ታዛዡን ብቻ ይቀጣል፤ ቃሉን ሰምቶ ዘንጉን በቤቱ የተወው ሰው፣ ያልሰማው ሰው ዘንጉን ዘርግቶ ሲሄድ ባየ ጊዜ መታዘዙ ሞኝነት መስሎ ይታየዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም እርሱ ራሱ ይዞ ይመጣል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እንደ ተባለ፣ ደንቡን የናቀ ሰው በደንቡ አይቆምም፤ ያወጣውንም መናቅ ይለምዳል። በቃል ማስጠንቀቅ ብቻ ይደረግ በነበረበት ጊዜ የሆነው ይህ ነው።

ማስፈጸሚያውም ቦታ በደጅ መሆኑ ጥበብ አለበት። ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ሠራተኛው ያለው ኀይል ባቡሩን ማቆም ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ያጠፋውንና ያላጠፋውን አብሮ ይቀጣል። በደጅ ግን ሰውየው ገና አላጠፋም፤ ስለዚህ የሚፈረድበት ፍርድ የለም፤ የሚያፍርበትም ነገር የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ዩኒቨርሳልም በ2015 ዓ.ም. በኦርላንዶ በአንዳንድ ባቡሮቹ መግቢያ ብረት የሚለይ መፈተሻ ማቆም መጀመሩ ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው።

ነገር ግን በደጅ የቆመ ሰው በእጁ ያለው ሥልጣን ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ በትሕትና ይሠራበታል ማለት አይደለም። ትንሽ ሥልጣን አንዳንድ ጊዜ ከትልቁ ይልቅ ሰውን ያስታብያል። ስለዚህ አራት ነገር ሊጠበቅ ይገባል። ደንቡ እንግዳው ገንዘብ ከመክፈሉና ከሩቅ አገር ከመምጣቱ በፊት የተነገረ ይሁን። ለሀብታምና ለድኻ፣ ለአገሬውና ለመጻተኛው አንድ ይሁን። የተያዘው ዕቃ ሳይጎድል ለባለቤቱ ይመለስ። ቃሉም የለዘበ ይሁን፤ ሕፃን ልጁን በእጁ የያዘ አባት በልጁ ፊት እንደ ሌባ ሊቈጠር አይገባውም። አገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ትላለችና፣ ሰውን የሚያሳዝነው የዕቃው ማነስና መብዛት አይደለም፤ አወሳሰዱ ነው። ዘንጉን ያለ ክፍያ በአደራ መቀበል የሚለው ደንብ ከክልከላው ሁሉ የተሻለው ክፍል ይመስለናል፤ «ዕቃህ የአንተ ነው፣ እኛ የምንጠብቀው ያንተንና የባልንጀራህን አካል ነው» የሚል ትርጕም አለውና።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ክልከላው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር መናገር ይገባናል። ደጅ ጠባቂ ሜትር ይለካል እንጂ ምኞት አይለካም። ሰው የቆመበትን ቦታ ሳያይ የራሱን ፊት ብቻ እንዲያይ የሚያደርገው ፍላጎት በዘንጉ አልጀመረም፤ ዘንጉ በደጅ ቢቀርም ከባለቤቱ ጋራ ይገባል። እዚህ ላይ የዘንጉን አወላለድ እናስታውስ። ዘንጉ የተወለደው መታመን ከጠፋበት ሰዓት ነው፤ አንድ ልጅ አደራውን በልቶ ስለ ሮጠ አንድ ሰው ማንንም ላለመለመን መሣሪያ ሠራ። በዚያው መሣሪያ ብዙ ሕዝብ እርስ በርሱ መለማመንን ተወ። አሁን ዘንጉ የተከለከለበት እንግዳ ግን ስልኩን ይዞ ወደ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ «ወንድሜ፣ እባክህ አንድ ጊዜ አንሣን» ሊል ይገደዳል። ሰውየውም ያነሣለታል፤ ስልኩንም ይመልስለታል፤ ምናልባትም እርሱ በተራው «እኛንም» ይለዋል። በሉቭር የሮጠው ልጅ አንድ ነበር፤ የሰው ካሜራ ተቀብለው አንሥተው የመለሱት ግን ስንት እንደ ሆኑ ማን ቈጥሯቸዋል? ታሪክ የሚጽፈው የሮጠውን ነው፤ ማኅበር የሚቆመው ግን በመለሱት ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፤ የነገሩ ቦታ ሩቅ ቢሆንም ምሳሌነቱ ከእኛም አይርቅም። በጥምቀት ቀን ታቦታቱ ሲወጡ፣ ካህናቱም ሲያሸበሽቡ፣ ስልኩን ከሕዝቡ ራስ በላይ ያነሣ ጐልማሳ ከኋላው የቆሙትን አሮጊት እናት ዐይናቸውን ሲጋርድባቸው ያላየ ማን ነው? እርሱ ክፉ አላሰበም፤ በዓሉን ወዶ፣ ለሩቅ ዘመዱ ሊያሳይ ፈልጎ ነው። እኒያ እናት ግን ዓመቱን ሙሉ የጠበቋትን ሰዓት በስልኩ ጀርባ አሳለፏት። እንዲህ ያለውን ነገር በደጅ ጠባቂና በፍተሻ ማቅናት እንችል ይሆናል፤ ነገር ግን በዓል በፍተሻ ሲጠበቅ ምን እንደሚቀርበት ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ የላላው ሕግ ገና በእጃችን ሳለ እናክብረው። እጁን ያነሣ ሰው ዝቅ ያድርግ፤ ወደ ኋላውም ዞሮ ማን እንደ ቆመ ይይ፤ ካህናትም ይህን በለዘበ ቃል ያስተምሩ፤ አባቶችም ለልጆቻቸው በቤት ይንገሩ።

ራሳችንን በፈቃዳችን የምንገዛበትን ልቡና፣ ባልንጀራችንንም የምናይበትን ዐይን እግዚአብሔር ይስጠን፤ አሜን።